«ሰዓትህ ስንት ነው?» ብቻውን አይበቃም፦ ከፓሪስ ማራቶን እስከ ሮቤ–ጎባ መንገድ

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም ታምራት ቶላ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2:06:26 አሸነፈ። አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። በወንዶች ማራቶን ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ በ2000 ካሸነፈ ወዲህ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ወርቅ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ቪዲዮውንም ደጋግመን አይተነዋል። ግን አንድ ነገር እናስታውስ፦ ታምራት መጀመሪያ ከሦስቱ ተመራጮች ውስጥ አልነበረም። ተመራጮቹ ሲሳይ ለማ፣ ቀነኒሳ በቀለና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ተጎድቶ ሲወጣ ነው ቦታው የተገኘለት።

እስቲ አራቱ ከፓሪስ በፊት የነበራቸውን የግል ምርጥ ሰዓት ጎን ለጎን እናስቀምጥ፦

• ቀነኒሳ በቀለ – 2:01:41 (በርሊን፣ 2019)
• ሲሳይ ለማ – 2:01:48 (ቫሌንሺያ፣ 2023)
• ደሬሳ ገለታ – 2:03:27 (ሴቪያ፣ 2024)
• ታምራት ቶላ – 2:03:39 (አምስተርዳም፣ 2021)

ታምራት መጨረሻ ነው። ከሦስተኛው የሚለየው ደግሞ 12 ሰከንድ ብቻ። በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 12 ሰከንድ ማለት አንድ የውሃ ኮዳ ለማንሳት ፍጥነት መቀነስ ማለት ነው።

ይሄ ጽሑፍ «እገሌ ተሳሳተ» ለማለት አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሁለት ስፖርተኞችን በቁጥር ስናወዳድር የትኛውን ቁጥር ነው የምናምነው? መልሱ ለኦሊምፒክ ቡድን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዛሬ ጠዋት ከሮቤ ተነስቶ ወደ ጎባ ሽቅብ የሮጠውን ልጅም ይመለከታል።

▪ ይሄን ጥያቄ ቀድሞ ያብሰለሰለው ስፖርት

የሚገርመው፣ ጥያቄውን በደንብ የሠራበት ስፖርት እኛ ጋ ብዙም የማይታየው ቤዝቦል ነው። ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው ሰው ቤዝ የሚባሉትን ቦታዎች እየረገጠ ዞሮ ከተመለሰ ነጥብ ይቆጠራል።

ድሮ መቺዎች የሚወዳደሩት በአንድ ቁጥር ነበር፦ ከሞከረው ስንቱን አሳክቶ መታ? ቀላልና የሚያምር ቁጥር። ግን ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ነበሩት።

አንደኛው፦ ሁሉንም ምት እኩል ይቆጥራል። ኳሷን ከሜዳ ውጪ የሚያስወጣው ምት (ሆም ረን) እና አንድ ቤዝ ብቻ የሚያስገኘው ምት በዚህ ቁጥር አንድ ናቸው። መቺው ታግሶ፣ ወርዋሪው ከልክ የወጣ ኳስ አራት ጊዜ ወርውሮለት በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። የዛሬዎቹ ስታቲስቲክስ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጡት፦ ነጻ ጉዞ 0.7 ገደማ፣ የአንድ ቤዝ ምት 0.9 ገደማ፣ ሆም ረን 2 ገደማ። ክብደቱ የተገኘው በግምት ሳይሆን በሺዎች ከሚቆጠሩ ጨዋታዎች ነው፦ እያንዳንዱ ድርጊት በአማካይ ስንት ነጥብ አመጣ? የሚለው ተሰልቶ። ብራድ ፒት የሠራበትን «መኒቦል» የተባለውን የ2011 ፊልም ያየ ሰው ነገሩ ትዝ ይለዋል። ኦክላንድ የተባለው ገንዘብ አጠር ቡድን በ2002 ሌሎች ያልፈለጓቸውን ተጫዋቾች በእንዲህ ያለ ስሌት ሰብስቦ 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ነው ለእኛ የሚጠቅመን፦ ቁጥሩ የት እንደተመዘገበ አይናገርም።

ዴንቨር የምትባል የአሜሪካ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ኩርስ ፊልድ የሚባል ስታዲየም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች። ላሪ ዎከር የሚባል ካናዳዊ በ1999 ለዴንቨሩ ቡድን ሲጫወት በሜዳው ከ100 ሙከራ ወደ 46 ጊዜ ገደማ ተሳካለት። ከሜዳው ውጪ ግን ወደ 29። ታዲያ ዎከር ምርጥ መቺ ነው ወይስ ከፍታው ነው የመታለት?

ቤዝቦል ክርክሩን በጩኸት አልጨረሰውም። ማካካሻ ሠራለት። እዚያ ሜዳ ላይ የተጫወቱ ቡድኖች በሙሉ እዚያና ሌላ ቦታ ምን እንዳስመዘገቡ ይወዳደራል፤ ልዩነቱ የሜዳው ውጤት ነው ተብሎ ከተጫዋቹ ቁጥር ይቀነሳል። ከዚያ ሁሉም ወደ አንድ መስፈሪያ ይመጣል፦ 100 ማለት አማካይ ተጫዋች፣ 120 ማለት ከአማካዩ 20 በመቶ የተሻለ። ዎከር ከፍታው ሁሉ ተቀንሶበት በሙሉ የስፖርት ዘመኑ 141 ወጣ። ከአማካዩ 41 በመቶ የተሻለ ማለት ነው። በ2020፣ ለመመረጥ በሚችልበት የመጨረሻው ዓመት፣ የቤዝቦል ታላላቆች ስም በሚቀመጥበት አዳራሽ ገባ።

ትምህርቱ አጭር ነው። ቁጥር ብቻውን ውሸት አይናገርም፤ ግን የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለውን ካልጨመርክበት ግማሹን ብቻ ነው የሚነግርህ።

▪ ታምራትን በዚህ መነጽር ስናየው

አሁን ወደ ማራቶን እንመለስ። ማራቶንም «ሜዳ» አለው። ቫሌንሺያ ሜዳ ነው፣ ባሕር ዳር ነው፣ አሯሯጭ አለ። ኒውዮርክ ደግሞ አምስት ድልድይ ያስወጣል፣ መጨረሻው ላይ የሴንትራል ፓርክ ሽቅብ አለ፣ ለዋናዎቹ ሯጮች አሯሯጭ የለም። ሁለቱን በአንድ ሰዓት ዝርዝር ማስቀመጥ ዴንቨር የተመታችን ኳስ ባሕር ዳር ከተመታች ኳስ ጋር እንደ መለካት ነው።

ስለዚህ ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። የቦታውን የቀድሞ ክብረ ወሰን 100 እንበለው። ከ100 በላይ ያመጣ እዚያ መንገድ ላይ ማንም ካደረገው የተሻለ ሮጧል፤ ከ100 በታች ከሆነ ቀርቷል።

• ታምራት፣ ኒውዮርክ፣ ኅዳር 2023፦ 2:04:58። የቀድሞው ክብረ ወሰን የጄፍሪ ሙታይ 2:05:06 (2011)። ውጤት፦ 100.1
• ሲሳይ፣ ቫሌንሺያ፣ ታኅሣሥ 2023፦ 2:01:48። የቀድሞው የኬልቪን ኪፕተም 2:01:53 (2022)። ውጤት፦ 100.1
• ቀነኒሳ፣ ለንደን፣ ሚያዝያ 2024፦ 2:04:15። የቦታው ክብረ ወሰን የኪፕተም 2:01:25 (2023)። ውጤት፦ 97.7
• ደሬሳ፣ ሴቪያ፣ የካቲት 2024፦ 2:03:27። የቀድሞው የአስራር አብዱራህማን 2:04:43 (2022)። ውጤት፦ 101.0

በጥሬ ሰዓት ሲሳይና ታምራት 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይለያያሉ። መንገዱን ስንጨምርበት እኩል ሆኑ። ታምራት ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛ የወጣውን በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ነው የጣለው፤ ሲሳይ ቫሌንሺያ ላይ በ1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ።

«እና ደሬሳስ? እሱ አይደል አንደኛ የወጣው?» የምትሉ አላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ የዚህ ስሌት ቀዳዳም እዚያ ጋ ነው። የቦታው ክብረ ወሰን ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እዚያ ማን መጥቶ እንደሮጠ ይወሰናል። በለንደንና በቫሌንሺያ መንገድ ላይ ኪፕተምን የመሰለ ሰው አልፏል፤ እንዲህ ያለ ሰው ያላለፈበትን ክብረ ወሰን መስበር ይቀላል። ስለዚህ አንድ መስፈሪያ ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ሦስት አራት መስፈሪያ ይያዛል፤ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ሲጠቁሙ ያኔ እናምናለን።

ሌላ መስፈሪያ እንጨምር፦ አሯሯጭ በሌለበት፣ ለሜዳሊያ በሚሮጥበት ውድድር ማን ምን ሠራ? ታምራት በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር፣ በ2022 ዩጂን ላይ ወርቅ በ2:05:36፣ እሱም የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ግን አቋርጦ ወጥቷል፤ ይሄም መቆጠር አለበት። ሲሳይም በዚህ መስፈሪያ ደካማ አይደለም፤ በሚያዝያ 2024 አሯሯጭ የሌለበትን ቦስተንን አሸንፏል።

የፓሪሱ መንገድ ምን ይመስል ነበር? ከ430 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ አንዳንድ ቦታ ከ13 በመቶ በላይ ተዳፋት፣ አሯሯጭ የለም። ከቫሌንሺያ ይልቅ ኒውዮርክን ይመስላል። ይሄ ካርታ ደግሞ ከውድድሩ በፊት ለሁሉም የታወቀ ነበር።

ውጤቱ፦ ታምራት አንደኛ፣ ደሬሳ በ2:07:31 አምስተኛ፣ ቀነኒሳ በ2:12:24 ሠላሳ ዘጠነኛ። ልብ በሉ፣ ደሬሳ አምስተኛ መውጣቱ የሰዓት ዝርዝር ከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ውድድርም ማንንም አያነግሥም፣ ማንንም አይሽርም። ግን የመንገዱን ዓይነት ያገናዘበ ሰው ታምራትን አራተኛ ለማድረግ ይከብደው ነበር።

▪ ማሞ ወልዴና ሜክሲኮ

ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 አሸነፈ። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ2:20:26። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው ማሞ በ8 ደቂቃ ይበለጣል ይላል።

ሜክሲኮ ሲቲ ግን 2,240 ሜትር ላይ ናት። ማሞ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው የጣለው። በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ ማሞ ሁለተኛ ሲወጡ ሰዓቱ 29:27 ነበር፤ የዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ግን 27:39። ማሞ ደክሞ አይደለም። ስሱ አየር ሁሉንም ነው ያዘገየው።

የሚገርመው በዚያው ከተማ በዚያው ሳምንት የአጭር ርቀት ሯጮችና ዘላዮች ክብረ ወሰን ያዘንቡ ነበር። ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር የዘለለው እዚያ ነው። ስስ አየር ሰውነትን ወደኋላ የሚገፋው ትንሽ ነው፤ ልክ እንደ ዴንቨር ኳስ። ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን ኦክስጅን ያንሰዋል። አንድ ከፍታ ለአንዱ ስጦታ፣ ለሌላው ቀረጥ።

▪ አሁን ወደ ሮቤና ጎባ

ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ። ማለትም ማሞን 8 ደቂቃ ካዘገየችው ሜክሲኮ ሲቲ ሁለቱም ከፍ ይላሉ። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳሩን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከጎባ አልፎ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር፣ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል።

ከሮቤ ጎባ ያለው መንገድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄዱ ሽቅብ፣ ሲመለሱ ቁልቁል። የባሌን ንፋስ ለምታውቁት አንነግራችሁም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ይምታታል። «ከፍታ ላይ መኖር ሯጭ ያደርጋል» ይባላል፤ እውነትነት አለው፣ ሰውነት ስለሚለምድ። ጎረቤታችን በቆጂ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራችው ከጎባ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ሆና ነው። ግን ከፍታው ሯጩን እያጠነከረ ሰዓቱን ያከብድበታል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ እዚያው ከፍታ ላይ የተያዘ ሰዓት የልጁን አቅም አሳንሶ ነው የሚያሳየው። አዲስ አበባ (2,350 ሜትር ገደማ) ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ የወንዶች አሸናፊዎች 10 ኪሎ ሜትሩን ከ28 ደቂቃ በታች አይገቡም፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ግን 27 ደቂቃ የሚገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ አትሌቲክስ ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ትራክ ላይ የተመዘገበ የረጅም ርቀት ሰዓት በማካካሻ ተስተካክሎ ነው ለብሔራዊ ውድድር ማጣሪያ የሚታየው። 900 ሜትር! ሮቤ የዚያ ሦስት እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራትም።

እስቲ በምሳሌ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተፈጠሩ ናቸው።

ሁለት ልጆች አንድ ክለብ ለመግባት ይወዳደራሉ እንበል። አንዷ ሮቤ ላይ 10 ኪሎ ሜትር በ34:00 ሮጣለች። ሌላዋ ሐዋሳ ላይ (1,700 ሜትር ገደማ) በ33:20። ወረቀቱን ብቻ ያየ መልማይ የሐዋሳዋን ይወስዳል። 40 ሰከንድ ቀላል አይደለም።

አሁን ቤዝቦሎቹ እንዳደረጉት እናድርግ። በሁለቱም ቦታ የሮጡ አሥር ልጆች ፈልገን አማካያቸውን እንያዝ። ሮቤ ላይ 36:00፣ ሐዋሳ ላይ 35:00 ቢሆን፣ የሮቤን ሰዓት ወደ ሐዋሳ ለመቀየር በ35 አባዝተን ለ36 እናካፍላለን። የሮቤዋ ልጅ 34:00 ወደ 33:03 ይቀየራል። አሁን በ17 ሰከንድ የምትቀድመው እሷ ናት።

ልጅቷ አልተቀየረችም። ሳንባዋም እግሯም ያው ነው። የተቀየረው ጥያቄው ነው። አንድ ሰው «ሰዓትሽ ስንት ነው?» ብሎ ቢያቆም ሌላዋ ትሄዳለች፤ እሷ ትቀራለች። ምናልባት ሩጫውን ትተወዋለች።

▪ በስልካችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ለዚህ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። የምትሮጡ፣ የምታሠለጥኑ፣ የትምህርት ቤት ውድድር የምታዘጋጁ ከሆነ፦

1. ሰዓት ስትጽፉ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ መንገዱን (አስፋልት፣ አፈር፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል) እና የቀኑን ሁኔታ አብራችሁ ጻፉ። የስልክ የሩጫ መተግበሪያዎች ከፍታን ይይዛሉ፤ ትንሽ ቢሳሳቱም ከምንም ይሻላል።

2. ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ርቀቱን መዝግቡ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ አብሯችሁ ከሮጠው ሰው በስንት ሰከንድ ተለያያችሁ? ንፋሱም ከፍታውም ለሁለታችሁ እኩል ስለሆነ ይሄ ቁጥር ብዙ ማካካሻ አያስፈልገውም።

3. የመጀመሪያዎቹን አሥር ገቢዎች አማካይ ሰዓት 100 በሉት። አማካዩን ለእያንዳንዱ ልጅ ሰዓት አካፍሉና በ100 አባዙ። 103 ያመጣ ልጅ ከእነሱ 3 በመቶ ፈጣን ነው። የጎባውንና የዲንሾውን ውድድር በዚህ ማወዳደር ይቻላል፤ ተወዳዳሪዎቹ ተቀራራቢ አቅም ካላቸው።

4. አንድ ውድድር አይበቃም። አራት አምስት ይሁን። ቤዝቦል ላይ አንድን መቺ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሙከራዎች በኋላ ነው የሚፈርዱት። እናንተ አንድን የ16 ዓመት ልጅ ሆዱን ባመመው አንድ ጠዋት አትፍረዱበት።

▪ ጥንቃቄም አለ

ማካካሻ ተአምር አይደለም። ከፍታ ሁሉንም ሰው እኩል አያዘገይም፤ እዚያው ተወልዶ ያደገና ከቆላ የመጣ አንድ አይደሉም። የአሥር ልጆች አማካይም በአንድ ሁለት ልጅ ሊዛባ ይችላል። «ከፍታው ነው» የሚለው ደግሞ ለሁሉም ሰነፍ ውጤት ሰበብ እንዳይሆን። ዎከርን ያስታውሷል፦ ከፍታው ተቀንሶበትም 141 ነበር። ማካካሻ ጥሩውን ከደካማው ይለያል እንጂ ደካማውን ጥሩ አያደርግም።

የዓለም አትሌቲክስም ቢሆን ይሄ ይገባዋል። ከ2019 ጀምሮ ባለው የደረጃ አሰጣጥ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የውድድሩ ክብደትና የተገኘው ቦታም ነጥብ አለው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ቁልቁለት የሚበዛበት መንገድም ክብረ ወሰን አያስመዘግብም፤ ጄፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ 2:03:02 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያልሆነለት ለዚህ ነው። ቁልቁለት ሲጠቅም የሚቀንስ ሕግ አለ። ከፍታ ሲጎዳ የሚጨምር አሠራር ግን የእኛ ወረዳና ዞን ውድድሮች ራሳቸው መጀመር ይችላሉ። ወጪው አንድ ተጨማሪ ዓምድ በመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ማስመር ነው፦ «ቦታና ከፍታ»።

በሚቀጥለው ጊዜ ሮቤ ላይ የሮጠ ልጅ «ሰዓትህ ስንት ነው?» ሲባል ቁጥሩን ይናገር። ከዚያ ይጨምር፦ «2,500 ሜትር ላይ፣ ወደ ጎባ ሽቅብ።»